የአባቴ ሐሞት

አፌ ነው። ሌላ ጠላት የለኝም። መርሳ ላይ መኪና ሲቆም ማንጎና ብርቱካን ተሸክሜ ከመስኮት መስኮት የምሮጥ ሰው ነኝ፤ እንጀራዬም አፌ ነው፤ ተሳፋሪ ካልሳቀ አይገዛም። "እማማ፣ ይቺን ማንጎ ከበሉ ደሴ ሳይደርሱ ባል ያገኛሉ" እላለሁ፤ ይስቃሉ፣ ይገዛሉ። ስሜ ይታገሱ ነው። ያወጣልኝ ሰው ምን ነክቶት እንደሆነ እንጃ፣ ትዕግስት የሚባል ነገር በእኔ ደጅ አላለፈም። ቃል ከመጣልኝ መጣ ነው፤ ማን እንዳለ፣ ማን እንደሚሰማ አላይም። አባቴን ወልድያ፣ ሆስፒታል አልጋ ላይ፣ በሰው ፊት ያዋረድኳቸው በዚሁ አፌ ነው።

አባቴ አቶ አያሌው የጉባ ላፍቶ ደጋ ገበሬ ናቸው። እህቴ ወይንሸት አብራቸው ትኖራለች። እሷ ናት ደውላ "አባባ ጨጓራቸው ተነስቶባቸዋል" ያለችኝ። እኛ አገር ከደረት በታች ያመመ ሁሉ ጨጓራ ነው። ተልባ አጠጣናቸው፣ ጸበል ወሰድናቸው፣ በርበሬ ከለከልናቸው። እኔማ በስልክ "የወይንሸትን ወጥ ቀምሰው ነው፣ ጨጓራ ምን ያድርግ!" እያልኩ ስቀልድ ሰነበትኩ። በኋላ ግን ብርድ ብርድ ይላቸው ጀመር፤ ያስመልሳቸዋል፣ ትኩሳቱ አልወርድ አለ፣ ከቀኝ ጎድናቸው ስር እጅ ማስነካት አልቻሉም። ያኔ ነው በቃሬዛ አውርደን ወልድያ ያስገባናቸው።

የተቀበለችን ዶክተር ኢብቲሳም የመርሳ ልጅ ናት። ተማሪ እያለች ከእኔ ማንጎ እየገዛች ነው ያደገች፤ ደግሞ አትከራከርም ነበር፣ የመረጥኩላትን ይዛ ትሄዳለች። አልትራሳውንዱን አነሳች፣ ደጋግማ አየች፣ ከዚያ ወደ ኮሪደሩ ጠራችኝ።

"ጋሼ ይታገሱ፣ ጨጓራ አይደለም" አለችኝ። "የሐሞት ከረጢታቸው ነው። ጠጠር አፉን ዘግቶታል፤ አብጧል፣ መግል ይዟል። ለሌላ ሰው ቢሆን በቀዶ ጥገና አውጥተን እንጥለው ነበር። የአባባ ልብ ግን ደካማ ነው፤ ሙሉ ማደንዘዣ አይችሉም።"

"ታዲያ?"

"ማፍሰስ ነው። አንዱ መንገድ በቆዳ በኩል መርፌ አስገብቶ ቱቦ ማስቀመጥ ነው። በልባቸው ድካም የተነሳ ግን ሆዳቸው ውስጥ ውሃ ተጠራቅሟል፤ በዚያ ውሃ መሀል መርፌ መስደድ ያሰጋኛል። ሌላው መንገድ ከውስጥ ነው። በአፍ የሚገባ ኢንዶስኮፒ አለ፣ ጫፉ ላይ አልትራሳውንድ ያለው። ጨጓራ ውስጥ ሆኖ ግድግዳውን አሳልፎ ያያል፤ የሐሞት ከረጢቱ እዚያው ጎኑ ነው። በስቶ አጭር የብረት ቱቦ ይተክልበታል፣ ሁለት ጫፉ የሰፋ፣ ልክ እንደ ክር ማጠንጠኛ፤ አንዱ ጫፍ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ ይዞ ይቀመጣል። መግሉ ወደ ጨጓራ ይወርዳል። ቢላ የለ፣ ውጭ የሚንጠለጠል ከረጢት የለ። እንቅልፍ የሚያስይዝ መድኃኒት ይበቃቸዋል። እኛ ጋ የለም፤ አዲስ አበባ ለሚሠሩት ሐኪሞች ደውዬ ላኪያቸው ብለውኛል። ግን ፈጥነን መሄድ አለብን፤ ከፈነዳ ሆድ ውስጥ ይበተናል፣ ከዚያ በኋላ ማንም አይደርስላቸውም።"

እሷ ወደ ሌላ በሽተኛ ሄደች፣ እኔ ወደ ክፍሉ ተመለስኩ። ክፍሉ ሙሉ ነው፤ በሽተኛው፣ አስታማሚው፣ ጠያቂው። አጠገባችን ሙባረክ የሚባል የሐራ ፍየል ነጋዴ ተኝቷል፣ ሆዱን ተሰፍቶ። ሁሉም ዶክተሯ እኔን ነጥላ ስትጠራኝ አይቷል፤ ሁሉም ፊቴን ያያል።

"ምን አለች?" አሉኝ አባቴ።

ምን ነበረበት "መግል ይዟል፣ ይወጣል" ብል? ቃል ጠፍቶ ነው? ግን ፈርቻለሁ፤ እኔ ደግሞ ስፈራ እቀልዳለሁ። ፈገግ ብዬ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ መኪና መስኮት ስር እንደቆመ ሰው፣ "ምንም አይደል አባባ፣ ሐሞትዎን ሊያፈሱልዎ ነው!" አልኩ።

ሙባረክ በሳቅ ፈነዳ። "ወላሂ አትግደለኝ፣ ስፌቴ!" እያለ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ክፍሉ ተከትሎት ሳቀ። ከወደ በሩ ደግሞ የእኛው ቀበሌ ሴት፣ እህቷን ልታስታምም የመጣች፣ "እሱስ ድሮ ፈሶ የለ እንዴ!" አለች። ቀስ ብላ ነው ያለችው፤ ግን ተሰማ።

አባቴ አልተቆጡም። ብቻ ፊታቸውን አየሁትና ያልኩት ነገር ያኔ ገባኝ። ወይኔ!

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ጡት ሳልጥል አጎቴን፣ የአባቴን ታናሽ፣ በመስኖ ውሃ ጠብ ጎረቤታችን ደጀን ተኩሶ ገደለው። አባቴ ጠመንጃ ነበራቸው፤ አገሩ ሁሉ ደሙን ይመልሳሉ ብሎ ጠበቀ። አባቴ ግን አልተኮሱም። ሽማግሌ ሲገባ እሺ አሉ፣ ታረቁ። ሰው ቢገድሉ እነዚያ ደግሞ እኔን ልጃቸውን ይገድላሉ፤ ከዚያ የእኔ ወገን እነሱን፤ ማለቂያ የለውም ብለው ነው። ለአጎቴ ተዝካር ግን አንዲት አልቃሽ ተነስታ እንዲህ አለች፦

የወንድሙ ገዳይ ሲያልፍ በደጁ፣
ሐሞቱ ፈሰሰ ሰለለበት እጁ።

ግጥሟ አልሞተችም። ሰርግ ላይ ሰው ሞቅ ሲለው ይላታል፤ ገበያ ላይ በሹክሹክታ ይላታል። ትምህርት ቤት ልጆች ሲሉብኝ ስንቱን በቡጢ ነርቻለሁ። እሷን ግጥም ከእኔ የበለጠ የሚያውቃት የለም። አባቴ አንድም ቀን አንስተዋት አያውቁም፤ ሰርግ መሄድ ብቻ ተዉ። ዕድሜ ልካቸውን ከሰው አፍ የሸሿትን ቃል እኔ ልጃቸው፣ እሳቸው ቆሜ ልሂድ በማይሉበት አልጋ ላይ፣ በሳቅ አጅቤ አመጣሁላቸው።

"ወይንሸት" አሉ አባቴ፣ "ጫማዬን አምጪልኝ።"

"ወዴት አባባ?"

"ወደ ቤቴ። ሐሞቴ አንድ ጊዜ ፈስሷል ተብያለሁ። ሁለተኛ በሐኪም እጅ አላፈስም። ያለውን ይዤ እቀበራለሁ።"

"አባባ፣ መግል ነው እኮ! መግል ነው ማለቴ ነው!" አልኩ። እጃቸውን ልይዝ ስል ሰበሰቡት። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፣ እዚያው ቀሩ።

ዶክተር ኢብቲሳም ተጠርታ መጣች። ለመነች፣ አስረዳች፣ ቢሄዱ መንገድ ላይ እንደሚሞቱ በግልጽ ነገረቻቸው። "እግዜር ይስጥሽ ልጄ፣ አንቺ አላጠፋሽም" አሏት እንጂ አልተመለሱም። ጫማውን ያላጠለቁት አቅም ስላነሳቸው ብቻ ነው። መድኃኒቱ በግሉኮስ ይገባላቸዋል፤ ትኩሳቱ ግን ወጣ ገባ ይላል። አዲስ አበባ ተብለው ሲጠየቁ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ከእኔ ጋር ጨርሶ አይነጋገሩም። ውሃ ስሰጣቸው ወይንሸት ከእጄ ተቀብላ ካልሰጠቻቸው አይጠጡም።

ወይንሸት ኮሪደር ላይ ያዘችኝ። "ምላስህ ይቆረጥ!" አለችኝ፣ እንባዋ እየወረደ። "ስንት ቃል አለ! መግል አለ፣ ጠጠር አለ፣ በሽታ አለ! የግድ እሷን? አንተ ለሳቅ ስትል አባታችንን ሸጥካቸው። ቢሞቱ ታዲያ ለቀብር ለሚመጣው ሰው ምን ሆነው ሞቱ ልትል ነው? ተናገራ! ያ አፍህ የት ሄደ?"

እውነቷን ነው። ፈንድቶ ቢሞቱ ሐኪሙ የሚጽፈው ያንኑ ነው፤ ሐሞታቸው ሆዳቸው ውስጥ ፈሶ። አልቃሿ ተነስታ ሁለተኛ ግጥም ባትገጥም ምን አለ በሉኝ። የአባቴ ሞትም ስድባቸውም በእኔ እጅ ሊሆን ነው። ግድግዳውን ተደግፌ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ስመለስ ሙባረክ በጣቱ ጠቀሰኝ። ፊቱ ከስሏል። "አንተዬ፣ እኔ ሳላውቅ ነው የሳቅሁት" አለኝ በሹክሹክታ። "ያቺ ሴትዮ ኋላ ነገረችን። አላህ ይቅር ይበለኝ። አሁን ምን ይሻላል? ካህን ቢመክራቸው?"

"የንስሐ አባታቸው በስልክ ለምነዋቸዋል። አባባ ግን 'አባቴ፣ ይህ የነፍስ ነገር አይደለም፣ የስም ነገር ነው' አሏቸው።"

"ስማቸውን የሚመልስላቸው ሰው የለም?"

አንድ ሰው አለ። ሙባረክ እንደጠየቀኝ ነው የመጣብኝ። ደጀን። ገዳዩ።

ደጀን አሁን ሲሪንቃ ነው የሚኖር፤ ከእርሻ ምርምር ማዕከሉ አለፍ ብሎ መንገድ ዳር ችግኝ ይሸጣል። መርሳና ወልድያ ስመላለስ ስንት ዘመን በፊቱ አልፌያለሁ፤ ሰላም ብዬው አላውቅም። አባቴ ይታረቁ እንጂ እኔ አልታረቅሁም። ሽማግሌ ነው፣ ፀጉሩ ነጭ ነው፤ ግን አንቱ ብዬው አላውቅም፤ ለሰው ሳወራም "ያ" ነው የምለው። ሚኒባስ ያዝኩና ሲሪንቃ ወረድኩ። ችግኙን ውሃ እያጠጣ ነበር። ሲያየኝ ባልዲውን አስቀመጠ።

"አባትህ ሞቱ እንዴ?" አለኝ።

"አልሞቱም። እኔ ልገድላቸው ነው" አልኩት። ከዚያ ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት፤ ሕመሙን፣ ቀልዴን፣ ሳቁን፣ ሴትዮዋን። ግጥሟን ስጀምርለት እሱ "አውቃታለሁ" አለኝ። "ይምጡልኝ" አልኩ በመጨረሻ። "እባክዎ፣ ይምጡልኝ።" አንቱታው ከአፌ እንዴት እንደወጣ እኔ ነኝ የማውቅ። አልተግደረደረም። ጋቢውን አነሳ፣ ባልዲውን እንኳ ወደ ውስጥ ሳያስገባ ተከተለኝ።

ክፍሉ ስንገባ ያቺ ሴትዮ አወቀችውና ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ወይንሸት ከወንበሯ ተነሳች። አባቴ ዓይናቸውን ገለጡ።

"አቶ ደጀን" አሉ፣ ድምፃቸው ሳስቷል። "እንዴት ሰነበቱ? አረፍ ይበሉ።" በዕድሜ ያንሳቸዋል፤ ቢሆንም ከእርቁ ወዲህ አንቱ እንዳሉት ናቸው።

ደጀን አልተቀመጠም። "አልቀመጥም ጋሽ አያሌው፤ ይህን ነገር ቆሜ ነው የምለው፤ ሰውም ይስማኝ" አለ። ሙባረክ የከፈተውን ሬዲዮ ዘጋ። "ያኔ በደጅዎ የማልፈው ደፍሬ መሰለዎት? ሌላ መንገድ ስላልነበረኝ ነው። 'ዛሬ ይተኩሳሉ' እያልኩ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። አንቱ በርዎ ላይ ተቀምጠው ያዩኛል፤ ጠመንጃው ከኋላዎ ተሰቅሏል። ቀና ብዬ አይቼዎት አላውቅም። መተኮስማ እኔም ተኩሻለሁ። ለአንድ ቦይ ውሃ! መተኮስ ምን ሐሞት ይፈልጋል? ንዴት ይበቃዋል። የፈሰሰው የእኔ ነበር፤ ያቺ አልቃሽ ስሙን ተሳስታ በአንቱ ገጠመችው። እኔም እያወቅሁ ዝም አልኩ፣ ስለተመቸኝ። በአንቱ ስድብ እኔ ተሸፍኜ ኖርኩ።" ከዚያ ወደ በሩ ዞሮ፣ "አንቺም ሰምተሻል፣ አገር ስትገቢ እንዲህ ብለሽ አውሪ" አላት። ሴትዮዋ መሬት መሬት አየች።

አባቴ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። "ዶክተሯን ጥሩልኝ" አሉ።

ኢብቲሳም መጣች፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። "ምን እንደምታደርጉኝ አንቺው ንገሪኝ፤ ሌላ ሰው አይንገረኝ" አሏት። ይህቺ ለእኔ ናት። ኢብቲሳም በጥንቃቄ ጀመረች፤ "ያ ከረጢት" እያለች፣ "ያ ፈሳሽ" እያለች ቃሉን ዞር ዞር አለችው።

"ስሙን ጥሪው ልጄ፣ አትፍሪ" አሉ አባቴ።

"እሺ አባባ። የሰው ሐሞት ድሮም ይፈስሳል። ሲበሉ ወደ አንጀት ይፈስሳል፣ ምግቡን ይፈጫል። ሲፈስ ነው ጤና። የአንቱን ጠጠር በሩን ዘግቶበት ነው መግል የያዘው። የአዲስ አበባዎቹ የሚሠሩት ሌላ በር መክፈት ነው።"

"ስትሠሩት አውጥተን እንጣለው አትሉም?"

"የለም። እዚያው አንቱ ዘንድ ይቀራል።"

"እንግዲያው ይክፈቱለት" አሉ።

በአምቡላንስ ነው የሄድነው። መርሳን ስናልፍ ጓደኞቼ ማንጎ ይዘው ወደ መኪናው ሮጡ፣ እኔን በመስታወት ሲያዩ እጃቸውን አወረዱ። ውርጌሳን አለፍን፣ ደሴን አለፍን። አባቴ መንገዱን ሙሉ የወይንሸትን እጅ ይዘዋል። እኔ እግራቸው ስር ተቀምጬ መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ሆዳቸውን አያለሁ። ቆይ፣ አትፈንዳ፣ ትንሽ ቆይ እለዋለሁ፣ የሚሰማኝ ይመስል።

አዲስ አበባ ወዲያው አስገቧቸው። እኔና ወይንሸት ውጭ ወንበር ላይ ቀረን። ሐኪሙ ሲወጣ ተነስተን ከበብነው። ተሳክቷል አለን። ጨጓራ ውስጥ ሆነው ሲያዩ የከረጢቱ ግድግዳ ጠቁሯል፤ በስተው ቱቦውን ሲተክሉት መግሉ እየተንፎለፎለ ወረደ፣ ከረጢቱም ዓይናቸው እያየ ሟሸሸ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ ክፋት ሳያስብ፣ "ለምን ዘገያችሁ? ሊቀደድ ጥቂት ነበር የቀረው" አለኝ። ወይንሸት አየችኝ። "እኔ ነኝ ያዘገየሁት" አልኩት። መንገድ ርቋችሁ ይሆናል ብሎ አጽናናኝ።

ትኩሳቱ ወረደ፤ ሾርባ ጠጡ፣ ተቀመጡ። ቱቦው ለጊዜው እዚያው እንደሚቆይ፣ ለምርመራ እንደምንመልሳቸው ነግረውን ወደ አገር መለሱን። ወደ ደጋው ከመውጣታቸው በፊት መርሳ እኔ ቤት እንዲያገግሙ ወይንሸት አግባባቻቸው። ገቡ። ጎረቤት መጥቶ "እንኳን እግዜር ማረዎ" ይላቸዋል፤ ይስቃሉ፣ ይጫወታሉ። እኔ ስገባ ዝም ይላሉ። ቁጣም አይደለም። ቢቆጡኝ በምን ዕድሌ!

አልቻልኩም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በረንዳው ላይ አረፍ አሉ። ከጓሮ ድንጋይ አነሳሁ፣ ትከሻዬ ላይ አደረግሁ፣ እንደ በዳይ ወግ መጥቼ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። "አባባ፣ በእግዚአብሔር ስም፣ ይቅር ይበሉኝ። አፌ ነው። ሰው ፊት አዋረድኩዎት፣ ለሞትም አደረስኩዎት" አልኩ። ወይንሸት ከውስጥ ወጣች፣ ቆመች። ልባቸው ካልተመለሰ አልነሳም ብዬ ግንባሬን ሲሚንቶው ላይ ደፋሁ።

"ይነሱ" አሉ አባቴ።

ከኋላዬ ሽማግሌ የመጣ መስሎኝ ዞሬ አየሁ። ማንም የለም።

"ይነሱ እንጂ። ወንድሜን ለገደለው ይቅር ያልኩ ሰው ነኝ፤ ለአንቱ አያቅተኝም።" ጎንበስ ብለው ድንጋዩን በገዛ እጃቸው ከትከሻዬ አወረዱት፣ ግንባሬን ሳሙኝ፣ መረቁኝ። ከልባቸው ነው የመረቁኝ፤ ምርቃት አውቃለሁ። ወይንሸት ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ወደ ውስጥ ገባች።

አሁን ደጋው ላይ ናቸው፤ ደህና ናቸው፣ ይበላሉ፣ በቀደም ሰርግ ሄዱ አሉ። ስልክ ስደውል ያነሳሉ። "ደህና አደሩ፣ አቶ ይታገሱ?" ይሉኛል። ልጆቼን በስማቸው ይጠይቁኛል፣ ስለ ገበያው ይጠይቁኛል፣ ሁሉን በወጉ። ትናንት መረረኝ። "አባባ፣ አንተ በሉኝ" አልኩ። "እንደ ድሮው 'አንተ ቀባጣሪ' በሉኝ፣ ስደቡኝ፣ እለምንዎታለሁ።"

"ምን አጥፍተው ነው የምሰድብዎ?" አሉኝ።